ቀን የተዘጋ በር

...እናቴ እኔን ስታስተኛ በሩን ክፍት ትተወው ነበር። ይህን ለባለቤቴ ለኤሌኒ ልነግራት አፌን ስከፍት፣ ጎረቤቶቻችን ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ንፍሮ ይዘው፣ እያለቀሱ ገቡ።

ማንም አልሞተም።

ኤሌኒን ከግሪክ አገር ወደ ጎንደር ካመጣኋት ገና ወር አልሞላንም። ዛሬ ጧት ልጃችን እንድትተኛ ብላ የቤታችንን በር ዘጋችው። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ልጅቱን አተኮሳት ሲሉ ትናንት ሰማን። ዛሬ ደግሞ ከጧት ጀምሮ በር ተዘግቷል። ምን እንበል ታዲያ?» አሉ ጎረቤታችን አያ ታከለ።

ልጅቷ ከእንቅልፏ ደንግጣ ነቃችና አለቀሰች። ለቅሶው ተሟላ።

«እሰይ፣ አለች! ንፍሮውንማ ለጤናዋ እንበላዋለን!» ብለው ተቀመጡ።

ኤሌኒ በአገሯ ቋንቋ «ነገም ሳያንኳኩ ከገቡ፣ ልጄን ይዤ በመጣንበት በአስመራው አውቶቡስ ወደ አገሬ እመለሳለሁ» አለችኝ።

«ምነው፣ ምን አለች?» አሉ አያ ታከለ።

«አመሰገነች» አልኳቸው።

«ሸጋ! ነገም ብቅ እንላለን።»

ቤተሰብ ይዛችሁ ባዕድ አገር የገባችሁ፣ ወይም እንደ እኔ ሰው አምጥታችሁ መካከል የቆማችሁ፣ እስቲ የእናንተን አውጉኝ። እኔ ደክሞኛል።

ኤሌኒ ልጅቷን ታቅፋ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። በሩ ተዘጋ።