ቁልፉ የጠፋው የአስተያየት ሳጥን

ነፋስ ስልክ ባለው የጨርቅ ማቅለሚያ ፋብሪካችን በር ላይ የአስተያየት ሳጥን ተሰቅላለች። ቁልፏ ከጠፋ ዓመታት አልፈዋል። ማንም እንደማይከፍታት ስለማውቅ፣ አንድ ቀን ብሽቅ ብዬ «ቆሻሻችን ወንዙን ገደለው፤ አለቆቻችን ግን አፍንጫቸውን ይዘው ያልፋሉ» ብዬ ጽፌ ከተትኩባት።

ባለፈው ሰኞ አዲሷ ሥራ አስኪያጅ ወይዘሮ አልማዝ ሳጥኗን በመዶሻ አስከፍተው ሰበሰቡን። ወረቀቶቹን እያነበቡ የእኔ ላይ ደረሱ። ስሜን አልጻፍኩም፤ ግን የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ፣ በየካርቶኑ ላይ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ የእጅ ጽሑፌን የማያውቅ የለም።

ወረቀቱን ወደ እኛ አዙረው «የማን ነው?» አሉ።

ሰው ሁሉ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ደግሞ የሦስት ልጆች አባት ነኝ።

«የእኔ ነው» አልኩ እንደምንም።

«ጎሽ! የፍሳሽ ማጣሪያ እስኪገጠም ማቅለሚያው ከዛሬ ጀምሮ ይቆማል። የማንም ደሞዝ አይነካም።»

እፎይ! ወንበር ላይ ዘጭ አልኩ። እሳቸው ግን ከሳጥኗ ሥር የወጣ አንድ አርጅቶ ቢጫ የሆነ ወረቀት አነሱ። እሱም ስለዚያው ወንዝ ነበር።

ድፍረት አገኘሁና «ይሄኛውስ የማን ነው?» አልኳቸው።

«የእኔ ነው። እዚሁ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጥሬ የገባሁ ዓመት የጻፍኩት።»