ለጋሽ ፈለቀ ያልተነገራቸው

ጋሽ ፈለቀን የምታውቁ ሁሉ፣ ወሬው ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ እዚህ በስደት አገር፣ ፊቲያ በሚባለው ሰፈር በሚገኘው ቤታቸው አርፈዋል፤ ቀብራቸውም ተፈጽሟል። በቀብሩ ላይ ስለ ትሕትናቸው፣ ስለ ወጥ ቤት ሙያቸው፣ ስለ ደግነታቸው ብዙ ተነገረ። እውነት ነው። እሑድ ከሰዓት በኋላ ያደርጉት የነበረውን ግን አንድም ሰው አላነሣም። የካርታ ጨዋታ ከአስከሬን ሣጥን አጠገብ አያምርም ተብሎ ይሆናል። እንግዲያው እኔ ላንሣው። ከቀለም ትምህርት ብዙ አልቀመስኩም፤ ይህችን የማውቃትን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና ዝም ማለት ይከብደኛል።

ሶለንቱና በሚባል ሰፈር በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ወጥ ቤት ለዓመታት አብረን ሠርተናል። እሳቸው ያበስላሉ፣ እኔ ዕቃ አጥባለሁ፤ አፌም ከእጄ እኩል ይሠራል። አንድ ቀን ጭልፋቸውን አስቀመጡና «አንቺ ልጅ፣ ስታወሪ ሰው ታስቂያለሽ። ዝም ስትዪ ደግሞ ምን እንደምታዪ ልወቅ፤ እሑድ ነይ» አሉኝ።

ሄድኩ። በአገር ልጆች ማኅበራችን አዳራሽ አራት ጠረጴዛ ተዘርግቶ ፖከር የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ይጫወታሉ። ገንዘብ የለበትም። ሁሉም ቺፕ የሚሉትን በገንዘብ ፈንታ የሚያስይዙትን ጠጠር እኩል ይዞ ይጀምራል፤ ቺፑ ያለቀበት ይወጣል። ሰው ሲሳሳ አንዱ ጠረጴዛ ይፈርስና የቀሩት ወደ ሌላው ይዛወራሉ፤ እንዲህ እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ከዚያም አንድ ሰው ይቀራል። የአሸናፊው ሽልማት የአዳራሹን ወንበር ሁሉ መሰብሰብ ነው። «ያሸነፈ ጎንበስ ይበል፣ አንገቱ እንዳይደርቅ» ይሉ ነበር ጋሽ ፈለቀ።

ያን ቀን ከሁሉ ቀድሜ የወጣሁት እኔ ነበርኩ። አፍሬ ካፖርቴን ሳነሣ አዩኝ።

«ወዴት? ትምህርቱ ገና አሁን መጀመሩ ነው!»

ከኋላቸው ወንበር ሳቡልኝ። መጀመሪያ የተሸነፈ ሰው ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጠው። ካርታቸውን ወደ እኔ ዘንበል አድርገው ይይዛሉ፤ ዙሩ ሲያበቃ ለምን እንደጣሉ፣ ለምን እንደገቡ ቀስ ብለው ያስረዱኛል። «ጠረጴዛሽ ፈርሶ እንግዳ ሰዎች መሃል ስትቀመጪ በካርታ አትቸኩዪ። ማን ፈሪ፣ ማን ደፋር እንደሆነ አስቀድመሽ እዪ። እዚህ አገር ስትመጪስ እንደዚያው አይደል ያደረግሽው?»

አንዷን ነገር ግን ከሁሉ አብልጠው ይደጋግሟት ነበር። በዚህ ጨዋታ ብላይንድ የሚሉት የግዴታ መዋጮ አለ። ተራው የደረሰ ሰው ካርታውን እንኳ ሳያይ ያስቀምጣል፤ መዋጮውም በየጊዜው ከፍ ይላል። ስለዚህ ዝም ብሎ የሚጠብቅ ሰው ምንም ሳያደርግ ያልቃል። «ከካርታሽ በፊት ቺፕሽን እዪ። ብዙ ካለሽ ታገሺ። ጥቂት ከቀረሽ ግን አትጠብቂ፤ አቅም ሳለሽ ተነሺና ግቢ።»

ይህን አጥብቀው የሚነግሯቸው ታናሽ ወንድማቸውን አቶ ጌታሁንን ነበር። አቶ ጌታሁን ሦስት አራት ቺፕ ይዘው፣ እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ።

«ጌታሁን፣ ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ጥሩ ካርታ፣ ጋሼ።»

«እሱስ ይመጣል። አንተን ግን አያገኝህም።»

አዳራሹ በሳቅ ያውካካል። አቶ ጌታሁንም አብረውን ይስቁ ነበር።

ብርዱ ሲገባ ጋሽ ፈለቀ ታመሙ። ሐኪሟ ውጤቱን ልትነግራቸው ስትል «ደክሞኛል፤ ለወንድሜ ንገሪው፣ እሱ ይነግረኛል» አሏት። በሽታው እንደማይድን፣ ዕድሜያቸውም ቢበዛ ብርዱ እስኪወጣ፣ እስከ ጸደይ እንደሆነ ለአቶ ጌታሁን ተነገራቸው። እሳቸው ለታላቃቸው ያደረሱት ግን «የጨጓራ ቁስለት ነው፤ በመድኃኒት ይለቅዎታል» የሚል ነበር። ለእኛም ያንኑ ነገሩን።

እናታቸው ስትሞት ሁለቱን ወንድማማቾች ያሳደጉ እህታቸው እትዬ ዘውዴ አገር ቤት፣ ደሴ ከተማ ይኖራሉ። አሁን ዓይናቸው አያይም። ጋሽ ፈለቀ ያን ሰሞን ገና በእግራቸው ይሄዱ ነበርና እህታቸውን ለማየት ተነሥተው ወንድማቸውን አማከሩ። «ጋሼ፣ ምን አስቸኮለዎት? ለሰመር፣ ሙቀቱ ሲገባ፣ አብረን እንሄዳለን» ተባሉ። ልጠይቃቸው የሄድኩ ዕለት ፊታቸው በርቶ አገኘኋቸው። «ለሰመር የሚበቃ ቺፕ አለህ ተብያለሁ» አሉኝ። «ብዙ ያለው ይታገሣል።» አምኛቸው ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆይ ከአልጋ መውረድ አቃታቸው።

እውነቱን የሰማሁት ለቅሶ ቤት ነው። አቶ ጌታሁን «ምንም ሳያውቅ፣ ሳይጨነቅ አረፈልን» ብለው ሁሉንም ተረኩት። ሰዉም «ተመስገን» አለ።

«እትዬ ዘውዴስ?» አልኩ።

«እትዬም ገና አልሰማችም። ዓይኗም፣ ዕድሜዋም… ቀስ ብለን ነው። ለሰመር ሄደን እናረዳታለን።»

ሰመር! እሳቸውም ይጠብቁ!

አቶ ጌታሁን ክፉ ሰው ናቸው አልልም። ከበሽተኛ መሸሸግ ወርሰነው የመጣን ነገር ነው፤ ፍቅርም እንለዋለን። ግን አቶ ጌታሁን፣ የሸሸጉት የራስዎን ካርታ አልነበረም፤ የእሳቸውን ነው። ያውም የኛን የተሸናፊዎቹን ወንበር ከኋላቸው ስበው፣ የራሳቸውን ካርታ አዘንብለው ያሳዩን የነበሩትን ሰው ካርታ።

ጋሽ ፈለቀ፣ ዛሬ ማለዳ የእትዬ ዘውዴ ጎረቤቶች ተሰብስበው አርድተዋቸዋል። በስልክ የለመንኳቸው እኔ ነኝ፤ የሚቆጣኝም ይቆጣኝ። እህትዎ አልቅሰው ሲያበቁ «ያኔ ቆሞ መሄድ ይችል ነበር ወይ?» ብለው ጠየቁ አሉኝ። «ይችሉ ነበር በሏቸው» አልኩ። ለእርስዎም የሚገባዎትን፣ ዘግይቶም ቢሆን፣ ልንገርዎት። ደህና ይሁኑ፣ ጋሼ። የቀረዎት ጥቂት ነበር። ለሰመር አይበቃም ነበር። ደሴ ለመድረስ ግን ይበቃ ነበር።