የሳኬ ጊደር

ሳኬን ዱብሉቅ አካባቢ የማያውቃት አልነበረም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ከብቶቿን የምታግደው፣ ጉድጓዱ ላይ ለውሃ ተራዋ የምትሟገተው ራሷ ናት። ምላሷ ስለት ነው፣ እጇ ግን ለመስጠት አይታጠፍም። ከብቱ ያለቀበት ሰው ደጇ ሲቆም መጀመሪያ ትሰድበዋለች።

"ልጆችህ እንዲህ እስኪከሱ ምን ትጠብቅ ነበር? ኩራትህን ልታጠጣቸው ነው?"

ከዚያ የምትታለብ ላም ነድታ ትሰጠዋለች።

በዚያ ክፉ የድርቅ ዓመት አንዲት ቀይ ጊደር ጠፋችባት። ጅብ በልቷት ይሆናል ብለን ዱካዋን ተከተልን። ዱካው ከጎረቤቷ ከጋልማ አጥር ውስጥ ገባ። ቆዳዋ ከጭራሮ ክምር ስር ተገኘ፤ ጆሮዋ ላይ የሳኬ ምልክት እንዳለ ነው። ጋልማ አልካደም። ከብቶቹ አንድ ሳይቀሩ አልቀውበት ነበር።

ሽማግሌዎች ዛፍ ስር ተቀመጡ። አባ ቦሩ የጎሳው አንጋፋ ናቸው፤ ሳኬን ሊያለዝቧት ሞከሩ።

"ልጄ፣ ረሃብ ነው ያደረገው። ማሪው።"

"ረሃቡን ምሬዋለሁ፣ አባቴ። እጁን ግን አልምርም። በዚያው ሰሞን እኔ ቤት ወተት ጠጥቶ ነው የሄደው። ያን ጊዜ አፍ አልነበረውም? ዛሬ ዝም ካልኩ ነገ ማን ደጅ ቆሞ ይጠይቃል? ሁሉም በጓሮ ነው የሚመጣው።"

ሽማግሌዎቹ ፍርድ ሰጡ። በአንዷ ጊደር ፈንታ ሦስት ከብት ተፈረደ። ጋልማ ምንም ስላልነበረው ወንድሞቹ ከፈሉለት። ታላቅ ወንድሙ ከብቶቹን ለሳኬ ሲያስረክብ፣ "በል እንግዲህ፣ ጠገብክ? የእኛንም ጨረስክልን!" አለው። ጋልማ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ከዚያ በኋላ ጉድጓዱ ጋ ሲመጣ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነበር።

ዝናቡ ሲመለስ ጎሳው እዚያው ዛፍ ስር ለቡሳ ጎኖፋ ተሰበሰበ። ድርቅ ባዶ እጁን ላስቀረው ሰው ያለው ሁሉ ከከብቱ የሚያወጣበት ጉባኤ ነው። ስም እየተጠራ ለእያንዳንዱ ተሰጠ። ጋልማን የጠራ የለም። ዳር ላይ ተቀምጦ ነበር።

ሳኬ ተነሳች። "አንድ ሰው ቀርቷል።"

"እሱ ሌባ ነው!" አለ አንዱ ከኋላ።

"ነበር። ቅጣቱን ከፍሏል። ከከፈለ በኋላም ሌባ ካላችሁት ፍርዱ ምን ሠራ? ግን ይጠይቅ። በአፉ ይጠይቅ።"

ጋልማ ተነሳ። ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን የለም። አንዳንዱ መሳቅ ጀመረ። እሷ ጠበቀችው።

"ልጆቼ ወተት የላቸውም" አለ በመጨረሻ። "ስጡኝ።"

"ማንን ነው የምትለው? ዛፉን?"

"አንቺን፣ እህቴ። ስጪኝ።"

"እሺ። ወንድሞችህ ከከፈሉኝ ከብት አልሰጥህም፤ የኔው ናት ብለህ መጠየቅህን ትረሳለህ። ከራሴ ነው።"

ወደ መንጋዋ ሄዳ የምትታለብ ላም ከነጥጃዋ ነድታ መጣች። አባ ቦሩ አንዲት ጊደር ጨመሩ። ከዚያ ሌሎችም እየተነሱ ሰጡ።

ጋልማ ሀብታም አልሆነም፤ ልጆቹን ግን በወተት አሳደገ። ከሳኬ ጋር ወዳጅ ሆኑ ማለት አይቻልም። እስክትሞት ድረስ መንገድ ላይ ስታገኘው "አንተ ጅብ!" ትለው ነበር። እሱም ይስቅና ከብቶቿን ነድቶ ወደ ውሃው ይወርድላታል።