የተነጩት በጎች

ባለቤቴ የመንዝ ሰው ነው። ነገሌ የመጣው በጭነት መኪና ረዳትነት ነበር። ከጥቂት ዓመታት በኋላ እኔን አገባና እዚሁ ቀረ። አባቱ ከበግ ጸጉር ባና፣ ወፍራሙን የደጋ ብርድ ልብስ፣ ይሠሩ ስለነበር ሽመናውን ያውቃል። አንድ ጊዜ አገሩ ደርሶ ሲመለስ ጸጉራም በጎች በአይሱዙ ጭኖ መጣ። የእኛ አገር በግ ራሱ ጥቁር፣ ገላው ነጭና ልሙጥ ነው፤ የሚሸለት ነገር የለውም። ሰፈርተኛው አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «አካም! እነዚህ ደግሞ ብርድ ልብስ ለብሰው ነው የመጡት?» እያለ ይስቅ ነበር። ባለቤቴ ግን አልሳቀም።

«ሰዎቹ ሲያዩዋቸው ዓይናቸውን አየሽው?» አለኝ።

መጀመሪያ ስንሸልታቸው ደህና ጸጉር አገኘን። እኔ አጥቤ፣ ነድፌ ፈተልኩ፤ እሱ ሸመነ። ነገር የመጣው በሁለተኛው ዙር ነው። ገና ለመሸለት ሳይደርሱ የአንዷ ጎን ተልጦ አገኘነው፤ ቀጥሎ የሌላዋ ጀርባ። መቀስ የነካው አይመስልም፣ የተነጨ ነው። እከክ እንዳይሆን ቆዳውን ገልጠን አየን፤ ንጹሕ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ጸጉርም የለም።

«ሰው ነው» አለ ባለቤቴ።

ጥርጣሬው ያረፈው ጎረቤታችን ላይ ነበር። ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገበያ ላይ ጨውና ገመድ የሚቸረችሩ ሙስሊም ሴት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «አዴ» ነው የሚላቸው። ቤታቸው ደግሞ ፍራሽ እየሰፉ ይሸጣሉ። ፍራሹ ውስጥ የሚከቱትን ከየት ያመጡታል? በዚያ ላይ እሾህ አጥራቸው ላይ ነጭ ጸጉር ተሰክቶ አይቻለሁ አለ። ነፋስ ወስዶት ይሆናል ብዬ ብነግረውም አልሰማኝም። ሄደሽ አጣሪ አለኝ።

ልጠይቃቸው የመጣሁ መስዬ ገባሁ። አዲስ ፍራሽ ላይ አስቀመጡኝ። ወሬያቸውን እየሰማሁ ጣቴን በስፌቱ ቀዳዳ ሰደድኩ። ተጎትቶ የወጣው የአሮጌ ልብስ ብጫቂ ነበር።

«ምን ጠፋብሽ ልጄ?» አሉኝ፤ ዓይናቸው ጣቴ ላይ ነው።

«ምንም፣ አዴ። ስፌቱን እያየሁ ነው።»

«ስፌት የሚታየው ከላይ ነው። ባልሽ ነው የላከሽ?»

ተነሥተው በሩን ከፈቱልኝ።

ባለቤቴ ስለ ብጫቂው ብነግረውም አልረካም። በጎቹን ከግጦሽ አስቀረ፣ ዙሪያቸውን በቆርቆሮ አጠረ፣ በሩን ቆለፈ። ሣር እያጨድን እዚያው እናበላቸው ጀመር። ጸጉሩ ግን ይብሱን ጠፋ። ቁልፉ ያለው እኔና እሱ ጋ ብቻ ነው። አንድ ቀን ምሳ እየበላን ቀና ብሎ አየኝ።

«ለዘመዶችሽ ሰጥተሽ ነው?»

እኔ የነገሌ ልጅ ነኝ፤ ዘመድ የሚለው ሰፈሩን ሁሉ ነው። የኔንም ቁልፍ ተቀበለኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም በተራዬ እጠረጥረው ጀመር። ለሥራ ወደ ሻኪሶ ሲመላለስ የሚይዘውን ጆንያ በዓይኔ እመዝናለሁ። ራሱ እየሸጠው በሰው ያሳብብ ይሆን?

ሻኪሶ በሄደበት በአንዱ ቀን፣ እንደ ልማዴ ሣሩን በቆርቆሮው ላይ አሻግሬ ወረወርኩ። ከውስጥ የመጣው ድምፅ ግን የሣር አበላል አልመስል አለኝ። በምስማር ቀዳዳ አጮለቅኩ። አንዷ በግ የጓደኛዋን ጎን ነክሳ ትጎትታለች፤ አፏ ሙሉ ጸጉር ነው። ያንኑ አላምጣ ዋጠችው።

እኔ አየሁ ብል እንደማያምነኝ አውቄያለሁ። ወደ አዴ ሮጥኩ።

«ደግሞ ምን ልትለጥፉብኝ ነው?» አሉ።

«አዴ፣ በሞቴ! በዓይንዎ ይዩልኝ።»

እያመነቱ መጡ። ከቆርቆሮው ራቅ ብለው ቆመው ግራ ቀኙን ቃኙ፤ ሰው ተደብቆ የሚጠብቃቸው ሳይመስላቸው አልቀረም። በመጨረሻ ጎንበስ ብለው አዩ።

«ያ ረቢ! ልብሳቸውን እየተበላሉ ነው!» አሉ። ቀና ብለው ደግሞ፣ «ሶጊዳ ነው፤ ጨው ርቧቸዋል። የኛም ከብት ጨው ሲያጣ አጥንት ያኝካል» አሉኝ።

ባለቤቴ ሲመለስ ነገርኩት። «ሁለታችሁ ተስማማችሁ ማለት ነው» አለና ዞር አለ። በዚያው ሰሞን አንዷ በግ ሆዷ ተነፍቶ መብላት አቆመች። ሳትሞት ብሎ አረዳት። ጨጓራውን ሲቀድ እንደ ቡጢ የጠጠረ የጸጉር ድቡልቡል ወጣ። መዳፉ ላይ አድርጎ አገላበጠው፤ አንድ ዘለላ መዞ በብርሃን አየው። ከዚያ እጁን ሳይታጠብ ሄዶ በሩን ከፈተና በጎቹን ወደ ሜዳው ለቀቃቸው።

«ሂጂና አዴን ይቅርታ በይልኝ» አለኝ።

«እስካሁን የላክኸኝ ይበቃኛል። ራስህ ሂድ።»

ሄደ። አዴ ግባ አላሉትም፤ ደጅ ላይ ፀሐይ ውስጥ አቆሙት። ይቅርታውን ሰምተው ሲጨርሱ ገቡና ከሶድ ሐይቅ የሚወጣውን ጥቁር ጨው በፌስታል ይዘው ወጡ።

«ለበጎቹ ነው፤ ላንተ አይደለም» አሉት።

በጎቹ ጨዉን ሲልሱ ሰነበቱ፤ ሜዳም መዋል ጀመሩ። መነጫጨቱ ቀስ በቀስ ቀረ፣ የተላጠውም ቦታ ጸጉር አበቀለ። በዚያ ጸጉር የሠራነውን ባና ወደ ደጋ የሚወጣ ሾፌር ገዛው። አዴ ከኔ ጋር ሰላምታ ቢጀምሩም ፍራሻቸው ላይ ግን ዳግመኛ አላስቀመጡኝም፤ በርጩማ ነው የሚያቀርቡልኝ። ባለቤቴ ቁልፌን መልሶልኛል። ስለ ጸጉሩም ከዚያ ወዲህ ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ግን እስከ ዛሬ የተሸለተውን የምለቅመው በሩን ወለል አድርጌ ከፍቼ፣ መንገደኛው ሁሉ እያየኝ ነው።