«ካልናቀችን ልጅቷ ትቅመስ»

ነገሩ የሆነው ካቻምና፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ባለቤቴ ጀማል «አቦ ተይው፣ አለፈ እኮ» ይለኛል። እኔ ግን ልተወው አልቻልኩም። ሰው በክፋት ሲመጣብኝ ከዚያ በፊትም አይቻለሁ፤ ሰው ሁሉ ልክ ነኝ ብሎ ሲከፋብኝ ግን ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ልጄ ኒዕማ ጡት ከጣለች ጀምሮ ሆዷ ተነፍቶ፣ እጅና እግሯ ቀጥኖ ነው ያደገችው። የትል መድኃኒት ሰጠናት፣ ዱዓ አስደረግንላት፣ ምንም። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም መርምራ ስንዴና ገብስ አንጀቷን እንደሚያቆስለው ነገረችን። «ትንሽ ብትበላ ምን አለበት እንዳትሉ። ብናኙም ቢሆን ይጎዳታል» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ስንዴ አልገባም። የበቆሎና የቡላ ቂጣ፣ ያልተቀላቀለ የጤፍ እንጀራ ብቻ ሆነ። ልጄ ቀስ በቀስ ሰው መሰለች፤ ከእኩዮቿ ጋር መሮጥ ጀመረች።

ምግብ የመሸጡ ሥራ የመጣው በዚሁ ነው። ጀማል ባጃጅ ይነዳል። አንድ ቀን ኪቶ ፉርዲሳ፣ ዩኒቨርሲቲው ግቢ የሚያስተምር ሰው ጭኖ ሲጨዋወቱ ሰውየውም ስንዴ እንደማይስማማው፣ ምሳ የሚበላበት አጥቶ በሙዝ እንደሚውል ነገረው። ለሱ መቋጠር ጀመርን። እሱ ስኳር ላለባት የሥራ ባልደረባው ነገራት፤ እሷ ደግሞ ጨው ለተከለከሉ አባቷ። ብዙም ሳይቆይ እኔና የጀማል እህት ራውዳ ከጠዋት እስከ ቀትር ከምድጃ የማንነሳ ሆንን። ጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር፣ ከሐጂ አወል ግቢ ላይ ወደ መንገድ የሚከፈት ክፍል ተከራየን። ከኋላ እንኖራለን፣ ከፊት እንሠራለን። በሩ ላይ «ያለ ስንዴ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ስኳር» ብለን ቆርቆሮ ላይ አስጽፈን ሰቀልን።

ሰፈሩ መጀመሪያ ሳቀብን። «ታዲያ ምን ቀረው? ውሃ ነው የምትሸጡት?» ይሉናል። ቀጥሎ «የበሽተኛ ምግብ ቤት» የሚል ስም ወጣልን። አንዳንዱ የሚተላለፍ በሽታ ያለ ይመስል ሲያልፍ አፍንጫውን ይሸፍናል። ይህን ሁሉ ቻልነው። ያልቻልነው የወፍጮ ቤቱን ነው።

የሰፈራችን ወፍጮ አንድ ነው። ስንዴው፣ ገብሱ፣ ጤፉ በዚያው ይፈጫል። ባለወፍጮውን ለምኜ፣ ጠዋት ሰው ሳይመጣ ድንጋዩን ጠርጎ የኔን ያስቀድምልኝ ነበር። አንድ ቀን ግን መብራት ጠፍቶ ዋለና ወፍጮው የተነሳው ከሰዓት ሆነ። ሰው በሩ ድረስ ተሰልፏል። ተራዬ ሲደርስ ባለወፍጮው እንደ ልማዱ መጥረግ ጀመረ።

ከኋላዬ እትዬ አስካለ ነበሩ። ከኛ በር ማዶ የስንዴ ዳቦ ጋግረው ይሸጣሉ። እንደ እናት ነበር የማያቸው።

«ምንድን ነው የሚጠረገው?» አሉ።

«የስንዴው ብናኝ ነው እትዬ። ልጄ አይስማማትም።»

«የኛ እህል ቆሻሻ ነው በይኛ!»

«ኧረ ወላሂ እንደሱ አይደለም! ሐኪም ነው...»

አላስጨረሱኝም። ጤፌ ተፈጭቶ ማዳበሪያው አፉን እንደከፈተ መሬት ላይ ነበር። ከወለሉ ላይ የፈሰሰ የስንዴ ዱቄት በእፍኛቸው አፍሰው ማዳበሪያዬ ውስጥ በተኑት። «እስቲ ምን ትሆኚ!» አሉኝ። ሰልፉ ሳቀ።

ያ ዱቄት ለኔ አለቀለት። ባለወፍጮውን «ለፈለገ ሰው ስጠው» ብዬው ማዳበሪያውን ትቼ ወጣሁ። ለማንም ክፉ አስቤ አልነበረም። ግን በማግስቱ ወሬው ሰፈሩን ሞልቶታል። ለክርስቲያኑ «የክርስቲያን እጅ የነካውን እህል ጥላ ሄደች» ተባለ፤ ለእስላሙ ደግሞ «ከኛ ከራሳችንም ራሷን ለይታለች፣ ሁላችንንም ነጃሳ፣ ርኩስ አድርጋናለች»። ቆርቆሯችን ተነቅሎ ጭቃ ውስጥ ተገኘ። ራውዳ ሰላም ያለችው ሁሉ ዝም ብሎ ያልፋታል። ኒዕማን ልጆች ከጨዋታ አስወጧት።

እሁድ ከሰዓት ሐጂ አወል በረንዳቸው ላይ አስጠሩን። ጡረታ የወጡት አስተማሪ ጋሽ ወርቁ አሉ፣ እትዬ አስካለ አሉ፣ ጎረቤቱ ዙሪያውን ተቀምጧል። ኒዕማ ቀሚሴን ይዛ አጠገቤ ቆማለች።

«ዘሀራ፣ ሰው አስቀይመሻል» አሉኝ ሐጂ። «ይቅርታ ብለሽ ይለቅ።»

የልጄን በሽታ ከመጀመሪያው አስረዳሁ። ሐኪሟ ያለችውን ነገርኳቸው።

ጋሽ ወርቁ ሲሰሙኝ ቆዩና «እሺ፣ በሽታው አለ እንበል። የወፍጮ ብናኝ ያሳምማል ስትዪ ግን ማን ያምንሻል?» አሉ።

ያኔ እትዬ አስካለ ከነጠላቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ አወጡ። ገና ትኩስ ነው፤ የጥቁር አዝሙዱ ሽታ ይመጣል። ከመሐሉ ቆረሱና ወደ ኒዕማ ዘረጉት።

«እኔ ክርክር አላውቅም። ካልናቀችን ልጅቷ ትቅመስ። አንድ ጉርሻ። ያኔ እኔ ራሴ እናቷ እግር ላይ ወድቄ ይቅርታ እላለሁ።»

ሰዉ ራሱን ነቅንቆ ተስማማ። ሐጂም ወደኔ ዞረው «አንድ ጉርሻ ምን አላት? ቢስሚላሂ በይና አጉርሻት» አሉ።

ጀማል ተነሳ። «ሐጂ፣ እርስዎ ልጅ የለዎትም?» አለና መልሶ ተቀመጠ። አከራያችን ናቸው።

ኒዕማ ቀና ብላ አየችኝ። «እማ፣ ከበላሁት አንቺን መጥላት ይተዋሉ?» አለች፤ እጇን ዘረጋች።

እንዴት እንደተራመድኩ አላውቅም። ቁራሹን ከእትዬ አስካለ እጅ ነጠቅኩት። ቀሪውንም ከነጨርቁ ወሰድኩት። እዚያው ቆሜ መብላት ጀመርኩ። ትልቅ ዳቦ ነው፤ ውሃ የለ፣ ሻይ የለ። ጉሮሮዬ ላይ ቆመ፤ እንባዬ ወረደ። እኔ ግን እያነቀኝም ቆርሼ ዋጥኩ።

«አንቺን አላልኩም» አሉ እትዬ አስካለ።

«የናንተን እህል አልናቅኩም፤ ይኸው እየበላሁት ነው። ልጄን ግን ለማንም ማስረጃ አድርጌ አልሰጥም» አልኳቸው።

እንዲህ ስል አንድ ሰው ተነስቶ የሚያቅፈኝ መስሎኝ ነበር። ማንም አልተነሳም። ሐጂ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ክፍሉ ለዘመድ እንደሚፈለግ፣ ወሩ ሲያልቅ እንድንለቅ ነገሩን። ሰዉ ልብሱን እያራገፈ ወደየቤቱ ሄደ።

ለቀን ወጣን። አሁን ኪቶ ፉርዲሳ ዳር ነን። ስንዴ አይቶ የማያውቅ የራሳችን ትንሽ የኤሌክትሪክ ወፍጮ አለን፤ በቆሎውን የጀማል ዘመዶች ከገጠር፣ ከደዶ ይልኩልናል። ደንበኞቻችን ተከትለውን መጡ፤ ሌሎችም ተጨመሩ። ኒዕማ ከክፍሏ ረጅሟ ልጅ ሆናለች።

እትዬ አስካለን ከወራት በኋላ ገበያ አገኘኋቸው። «እንደምን ነዎት እትዬ?» አልኳቸው። ፊታቸውን አዙረው አለፉ። ይገርማል፣ ያን ያህል አልተናደድኩባቸውም። እሳቸው ስሜታቸው ተነክቷል፤ ጥላቻቸውንም ፊት ለፊት አሳይተውኛል።

እስከ ዛሬ ይቅር ያላልኳቸው ሌሎቹን ነው። ቡና የምንጠራራውን ጎረቤቶች፣ ኒዕማ ታማ ስትተኛ መጥተው የጠየቁንን፣ ያበጠ ሆዷን በዓይናቸው ያዩትን። ያን ቀን እጇን ስትዘረጋ ሁሉም ዝም ብለው አፏን ነበር የሚያዩት። ትጎርስ እንደሆነ ለማየት አንገታቸውን ያሰገጉም ነበሩ። ጀማል አለፈ ይላል። እኔ ዓይኔን ስጨፍን እነዚያን ፊቶች አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።