የሚስተር ክላይድ ወገን

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መኪናዬን ጋራዥ አስገብቼ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ ሳልወርድ ቆየሁ። ሬዲዮው ላይ ስለ ከተማችን የፉትቦል ቡድን ይከራከሩ ነበር። አንዱ ደውሎ ኳሷን የሚወረውረው ኳርተርባክ ይቀየር ይላል፤ ሌላው ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የማኔጅመንቱ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ደውሎ ሁለቱም ላይ ይወርድባቸዋል። ባለቤቴ ነርስ ስለሆነች እሑድ ሥራ ላይ ናት፤ ልጆቹም አድገው ወጥተዋል፤ ለምሳ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። የምኖርበት ስኔልቪል እሑድ ከሰዓት ጭር ይላል። ነጠላዬን እንዳጣፋሁ ጋራዡ ውስጥ ተቀምጬ የማላውቃቸውን ሰዎች ጭቅጭቅ ሳዳምጥ፣ በወጣትነቴ ያወቅኋቸው ሁለት ሽማግሌዎች ፊቴ ድቅን አሉ።

ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ከሱዳን ከመጣሁ ዓመት እንኳ አልሞላኝም። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጀመሪያ ላይ መሆኑ ነው። ዳውንታውን ውስጥ አንድ የመኪና ማቆሚያ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። በሥራ ቀን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞች መኪናቸውን ያቆሙበታል፤ ቅዳሜና እሑድ ግን አካባቢው ወና ነው። የምቀመጥባት ክፍል አንድ ወንበርና እግሬ ሥር ያለችውን ማሞቂያ ከያዘች በኋላ እጅ መዘርጊያ የላትም። የምኖረው ዲኬተር አካባቢ ከሁለት ያገሬ ልጆች ጋር ነበር። ጥሩ ልጆች ነበሩ፤ ግን የሌሊት ሠራተኞች ስለሆኑ እኔ ስወጣ ይገባሉ፣ ስገባ ይወጣሉ። መኖራቸውን የማውቀው በር ሥር ባለው ጫማቸውና በእርጥብ ፎጣቸው ነበር። አንዳንድ ቀን ማታ ላይ ከሰው ጋር የተለዋወጥኩትን ቃል ሳስበው «ቲኬት» እና «ቴንክዩ» ብቻ ሆኖ አገኘዋለሁ። ድምፄ እንዳይጠፋብኝ የፈራሁ ይመስል፣ ክፍሏ ውስጥ ብቻዬን ጮክ ብዬ ዳዊት እደግም ነበር።

ቡድኑ በሜዳው የሚጫወትባቸው እሑዶች ግን ይለያሉ። ስታዲየሙ በእግር የሚደረስ ስለሆነ ከረፋዱ ጀምሮ መኪናው ይጎርፋል። በየመኪናቸው ከሁሉም ቀድመው የሚመጡት ሚስተር ሃሮልድና ሚስተር ክላይድ ነበሩ። ሁለቱም ለአንድ ዳቦ ቤት መኪና ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ሚስተር ሃሮልድ ጥቁር፣ ረጅም፣ ሲናገሩ ቃል የሚመርጡ ሰው ነበሩ። ሚስተር ክላይድ ነጭ ናቸው፤ አጭር፣ ወፍራም፣ ሲናደዱ ከአንገታቸው ጀምሮ የሚቀሉ። የሚስተር ሃሮልድን ፒክአፕ ጥግ ላይ ፓርክ አድርገው የኋላውን በር ያወርዱና ትንሽዬ የከሰል ምድጃ አቀጣጥለው የአሳማ ጎድን ይጠብሳሉ። እኔ አሳማ አልበላም፤ እሱን አንዴ ከነገርኳቸው በኋላ ለእኔ ዶሮ ይዘው መምጣት ጀመሩ። የኦክቶበር ጸሐይ፣ መሬቱ ላይ የተነጠፈው ቀይና ቢጫ ቅጠል፣ ከሥጋው ላይ እየተንጠባጠበ ከሰሉ ላይ ቸስ የሚለው ጣፋጭ ሶስ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ይሸተኛል።

የሚጣሉት በኳርተርባክ ነው። ኳርተርባክ ማለት ኳሷን ተቀብሎ ወዴት እንደምትሄድ የሚወስነው፣ ቡድኑን የሚመራው ተጫዋች ነው። በዚያ ዓመት ቡድኑ ሁለት ነበሩት፤ አንዱ ጉልበቱ የተጎዳ አንጋፋ፣ ሌላው ገና ከኮሌጅ የወጣ ወጣት።

«ያ ሰውዬ በአንድ እግሩ ነው የሚጫወተው» ይላሉ ሚስተር ሃሮልድ። «ልጁን ያስገቡት። ካልተጫወተ መቼ ይማራል?»

«ልጁ የሚወረውረው ለተጋጣሚው ነው» ይላሉ ሚስተር ክላይድ ሥጋውን እያገላበጡ። «አንጋፋውን የሚከላከሉለት ሰዎች ሳይገዙለት ጉልበቱን አሰበሩት። ይኼ የማን ጥፋት ነው?»

«የማኔጅመንቱ።»

«የማኔጅመንቱ» ይደግማሉ ሚስተር ክላይድም። የሚስማሙበት ነገር እሱ ብቻ ነበር። እዚያ ላይ ሲደርሱ ጥቂት ይበላሉ፤ ከዚያ ደግሞ ከመጀመሪያው ይጀምሩታል።

አንድ ቀን ሚስተር ክላይድ «ታድ፣ እስቲ ና ፍረድ» ብለው ጠሩኝ። ስሜ ታደሰ ነው፤ እሳቸው ያን ያህል ነው የቻሉት። እኔ ኳስ ሲባል የማውቀው በእግር የሚመታውን ነው። ደግሞም ታላላቆቼ ናቸውና ማንንም ላለማስቀየም «ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» አልኩ።

ሚስተር ክላይድ በሐዘኔታ አዩኝ። «እንዲያማ ከሆነ ቀኑን ሙሉ ምን ስናወራ ልንውል ነው?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጥሪያቸውን አልጠብቅም ነበር። መኪና ሲቀንስልኝ ሄጄ ከጎናቸው እቆማለሁ። ግማሹ አይገባኝም። ግን አንዱ ሲናገር ሌላው እንዴት እንደሚቸኩል፣ ንግግሩ ሳያልቅ እንዴት ጭንቅላቱን መነቅነቅ እንደሚጀምር አያለሁ። እኔን በዚያ ከተማ አምርሮ የሚያዳምጠኝም ሆነ አምርሮ የሚቃወመኝ ሰው አልነበረም። በጣም ቀናሁባቸው።

ቅጠሉ ረግፎ ብርዱ ሲጀምር፣ አንድ እሑድ ፒክአፑ መጣና ጥግ ላይ ቆመ፤ የኋላው በር ግን አልወረደም። ስጠጋ ሚስተር ሃሮልድ ብቻቸውን መሪው ላይ ተቀምጠዋል።

«ሚስተር ክላይድስ?» አልኳቸው።

«ስትሮክ መታው። ቀኝ ጎኑ አይንቀሳቀስም። የሚባለውን ይሰማል፤ መናገር ግን አልቻለም።»

እንደምንም «እግዚአብሔር ይማርልዎ» የሚለውን በእንግሊዝኛ ለማለት ሞከርኩ። ሚስተር ሃሮልድ ስታዲየሙን በመስታወት እያዩ «ሚስቱ ደውላ ና አጫውተው ትላለች» አሉ። «ምን ብዬ ነው የማጫውተው? ብቻዬን መከራከር አልችልም። ማክሰኞ ዕረፍትህ አይደለም?»

«ነው። ግን እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሚስተር ሃሮልድ?»

«ክላይድ የሚለውን ስትሰማ ከርመሃል። እሱን በል።»

እስከ ማክሰኞ ድረስ ደንበኞች ጥለውት የሚሄዱትን ጋዜጣ እየለቀምኩ የስፖርቱን ገጽ አነበብኩ፤ ያልገባኝን ቃል ጠየቅሁ፤ ማታ ማታ የሬዲዮውን ክርክር አዳመጥኩ። እዚህ አገር ከገባሁ ጀምሮ ሰው ቤት ስጠራ የመጀመሪያዬ ነበር። ሸሚዜን ተኮስኩ።

ሚስተር ክላይድ የሚኖሩት አቮንዴል እስቴትስ ነው። ትልልቅ ዛፎች ያሉበት፣ ግቢው ሁሉ የተላጨ የሚመስል፣ ጸጥ ያለ መንደር። ሚስተር ሃሮልድ ቤቱ ፊት ለፊት ቆመው ሞተሩን አጠፉ፤ ግን እጃቸውን ከመሪው ላይ አላነሡም። ከመንገዱ ማዶ አንድ መጋረጃ ገለጥ ብሎ ተመለሰ።

«ስንት ዘመን አብረን ስንሠራ ቤቱ መጥቼ አላውቅም» አሉ። «እሱም እኔ ቤት መጥቶ አያውቅም።»

«ለምን?»

«አልተጠራራንም። እኛ ባደግንበት ጊዜ ጥቁር ሰው እዚህ ሰፈር በፊት በር አይገባም ነበር። በኋላ ጊዜው ተለወጠ ሲባል፣ እኔና እሱ ማን መጀመሪያ እንደሚጠራ ግራ ገባን መሰለኝ። ስታዲየም እንገናኛለን፤ እዚያ እንለያያለን።» ባርኔጣቸውን አደረጉ፣ መልሰው አወለቁ። ያን ጊዜ ነው እኔን ለክርክር ብቻ እንዳላመጡኝ የገባኝ። ያን በር ብቻቸውን ማንኳኳት አልፈለጉም።

የከፈቱልን ሚስስ ዶሪስ ናቸው፤ የሚስተር ክላይድ ባለቤት። ድካም ያጠቆረው ዓይናቸው ሚስተር ሃሮልድን ሲያይ እንባ አቀረረ። «ሃሮልድ፣ ስለ አንተ በየእሑዱ ስሰማ ነው የኖርኩት» አሉና እጃቸውን ይዘው አስገቧቸው።

ሚስተር ክላይድ መስኮቱ ሥር ወንበር ላይ ብርድ ልብስ ለብሰው ተቀምጠዋል። በጣም ከስተዋል። የፊታቸው አንዱ ጎን ወርዷል። ሚስተር ሃሮልድ ጤና እንኳ ሳይጠይቁ ተቀመጡና «እሑድ ያ ሰውዬህ አራት እርምጃ ሮጦ ወደቀ» አሉ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩኝ።

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። አንጋፋው የወደቀው ተከላካዮቹ ስላልያዙለት ነው አልኩ። ማኔጅመንቱ ባለፈው ዓመት ሁለቱን ጎበዞች ለምን ሸጠ አልኩ። እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል፤ ሚስተር ሃሮልድ ግን እንደ ትልቅ ባላጋራ ነው የመለሱልኝ። አንድ ቦታ ላይ ተሳስቼ ልጁን ማመስገን ስጀምር ሚስተር ክላይድ በግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ ጠበጠቡና ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ። ቶሎ ብዬ አስተካከልኩ። ሚስስ ዶሪስ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ሆነው ሲስቁ ሰማሁ።

ከዚያ በኋላ ማክሰኞ ማክሰኞ እንሄድ ጀመር። የነቢያት ጾም ሲገባ ሚስስ ዶሪስ ያቀረቡልኝን ኬክ መብላት እንደማልችል ነገርኳቸው። በሚቀጥለው ሳምንት ስንመጣ በጨው ውኃ የተቀቀለ ኦቾሎኒ በትልቅ ሳህን ጠበቀን። እኛ ቆልተን የምናውቀውን እነሱ ከነቅርፊቱ ቀቅለው እንደ ባቄላ አለስልሰው ይበሉታል። መጀመሪያ አልወደድኩትም ነበር፤ ግን ለእኔ ተብሎ የተሠራ ነገር ከቀመስኩ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበርና ሳህኑን አጋመስኩት። ሚስተር ሃሮልድ እየተከራከሩ ይፈለፍሉና ፍሬውን በሚስተር ክላይድ ግራ መዳፍ ላይ ያስቀምጣሉ። አንድም ቀን ይህን ማየት አላሳቀቀኝም፤ በሥራ ላይ እንዳሉ ሁለት ሰዎች ነበሩ።

ገና ሊደርስ ሲል ማኔጅመንቱ አንጋፋውን አሰናበተው። ጋዜጣው ላይ ያየሁት ማክሰኞ ጠዋት ነው። ሊወስዱኝ የመጡት ሚስተር ሃሮልድም አንብበውታል። ስንገባ ሚስተር ክላይድም ዜናውን ሰምተዋል፤ ጋዜጣው ጭናቸው ላይ ነበር።

ሚስተር ሃሮልድ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ተቀመጡ። «ክላይድ» አሉ፣ «ልክ የነበርከው አንተ ነህ። መልቀቅ አልነበረባቸውም። ልጁም ገና ነው። እኔ ተሸንፌያለሁ።»

የሚስተር ክላይድ ፊት ከአንገታቸው ጀምሮ ቀላ። ግራ እጃቸው ተነሥቶ የወንበሩን ክንድ መታ፤ ጋዜጣው ወደቀ። ከንፈራቸው ብዙ ታገለ። ከዚያ «ኖ» አሉ።

ከታመሙ ጀምሮ ከአፋቸው የወጣ የመጀመሪያ ቃል ነበር። ሚስስ ዶሪስ እጃቸው በሳሙና እንደተነከረ ከወጥ ቤት ወጡ። «ኖ» አሉ ሚስተር ክላይድ እንደገና፤ ያሉት ግን ለባለቤታቸው አልነበረም። ዓይናቸውን ከጓደኛቸው ላይ አልነቀሉም።

ሚስተር ሃሮልድ ተነሥተው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ባርኔጣቸውን መሬት ላይ አስቀመጡና ወንበራቸውን ጎትተው ጉልበታቸው የሚስተር ክላይድን ጉልበት እስኪነካ ድረስ ተጠጉ።

«እሺ» አሉ፤ ድምፃቸው ተሰብሮ ነበር። «እሺ፣ ስማ እንግዲያው። ያ ሰውዬ ከዓመት በፊት ነበር መባረር የነበረበት። ማኔጅመንቱ በዕድሜው ያደረገው አንድ ትክክለኛ ነገር ይኼ ነው። ምን ትላለህ?»

ሚስተር ክላይድ ወደ ኋላ ደገፍ ብለው ጭንቅላታቸውን በቀስታ ግራና ቀኝ ነቀነቁ። ፊታቸው በረደ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። ተራዬ ነበር፤ ጀመርኩ።

ሚስተር ክላይድ ዛፎቹ ነጭ ሲያብቡ፣ ፋሲካ ሳይደርስ አረፉ። ቀብራቸው ላይ እኔና ሚስተር ሃሮልድ መጨረሻው ረድፍ ላይ ተቀምጠን ሳለ ሚስስ ዶሪስ ከፊት ተነሥተው መጡና ይዘውን ሄደው ከቤተሰቡ ጋር አስቀመጡን።

በቀጣዩ የውድድር ዓመት የመጀመሪያ ጨዋታ ሚስተር ሃሮልድ ፒክአፑን እንደ ድሮው ጥግ ላይ አቆሙ። ምድጃ አላወረዱም። ሄጄ መስኮቱን ተደገፍኩ። «ልጁ ተሻሽሏል» አሉኝ። እኔም ተዘጋጅቼ ስለነበር፣ አንጋፋው ቢኖር ከዚህ በተሻለ ይመራ ነበር፣ ማኔጅመንቱ ትዕግሥት የለውም ብዬ በሚስተር ክላይድ አነጋገር መለስኩላቸው።

ፈገግ አሉ። ትከሻዬን በመስኮቱ በኩል ያዝ አድርገው «ጥሩ ነው፣ ታድ» አሉኝ። «ግን ክላይድ እንዲህ አይልም ነበር።»

ወደ ስታዲየሙ አልገቡም። ጨዋታው ሳይጀምር ሄዱ፤ በዚያ ዓመት አላባማ ወደሚኖሩት ልጃቸው ዘንድ መዛወራቸውን ሰማሁ። እኔም ብዙ ሳልቆይ ታክሲ መንዳት ጀመርኩ። እስከዚያ ባሉት እሑዶች የፓርኪንጉን ጥግ ባዶውን ሳየው ከመጀመሪያው ዓመቴ ይልቅ ብቸኝነት ተሰማኝ፤ አሁን የጎደለኝ ምን እንደሆነ አውቄዋለሁና።

ሰው ብቸኛ የሚሆነው የሚያናግረው ሲያጣ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እንደዚያ አላስብም። ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሰው ያናግረኛል፤ «እንደምን ዋልክ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንባባላለን፤ በዕድሜዬ ምክንያት የምለውን ሁሉ አዎ ብለው ይቀበሉኛል። ቤቴ ስመለስ ግን የተናገርኩት ነገር የትም ያልደረሰ ይመስለኛል።

ሬዲዮው ወደ ማስታወቂያ ሲገባ ከመኪናው ሳልወርድ ሌላ ስቴት ለሚኖረው ልጄ ደወልኩ። ደህና መሆኔን ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ፤ እሑድ ከሰዓት ደውዬለት አላውቅም። ስለ ኳርተርባኩ ያለኝን ሐሳብ ነገርኩት። የማንንም ወገን አልያዝኩም፤ የራሴን ሐሳብ ነው የነገርኩት።

እሱም «አባዬ፣ አይ ሚን፣ ሶሪ ግን፣ ሙሉ በሙሉ ተሳስተሃል» አለኝ።

ወንበሬን ወደ ኋላ ለጠጥ አደረግሁና «እንዴት? አስረዳኝ» አልኩት።