ለድመቴ የተሰጠኝ ካሳ

የእድራችን ዳኛ በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ተቀምጠዋል። የውሻው ጌታ፣ ጡረታ የወጣው የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከደረጃው ሥር ውሻውን በገመድ ይዞ ቆሟል። ሚስቱ ከኋላው ሆና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። ባለሱቁ ጎረቤታችን ምስክር ስለሆነ መጥቷል፤ ሱቁን ክፍት ጥሎ ስለመጣ ግን ከግቢው በር አልራቀም። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜያለሁ።

የምተዳደረው ሽሮና በርበሬ አዘጋጅቼ በመሸጥ ነው። ቤቴ እንደ ሰፈሩ ሁሉ አሮጌ የጭቃ ቤት ስለሆነ አይጥ አይጠፋውም። ሽምብራዬንና አተሬን የምትጠብቅልኝ ድመቴ ነበረች። የሹፌሩ ውሻ ገመዱን በጥሶ፣ የቆርቆሮውን አጥር ዘሎ ገብቶ ገደላት። ባለሱቁ በዓይኑ አይቷል። በማግስቱ የአንዱ ጆንያ ጥግ ተበልቶ ስላገኘሁት ወደ ዳኛው ሄድኩ።

ስለ ድመቷ ብዙ አልጽፍም። ጥሩ ድመት ነበረች።

«እህስ፣ ምን ይደረግልዎ?» አሉኝ ዳኛው።

«ድመት።»

«ብር ልስጣቸውና ይለቅ» አለ ሹፌሩ።

«ብር አይጥ አይዝም» አልኩ።

«እውነታቸውን ነው» አለ ባለሱቁ። «የእኔ መሳቢያ ውስጥ የነበረውን ብር ራሱ አይጥ በልቶታል።»

«ታዲያ ድመት ከየት ላምጣ? ሸጎሌ ከብት ገበያ ብሄድ ያለው በግና በሬ ነው!» አለ ሹፌሩ።

ዳኛው ድሮ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተዋል፤ ሕግ መጥቀስ ይወዳሉ። የእንስሳ ባለቤት እንስሳው አምልጦ ላደረሰው ጉዳት እንኳ እንደሚጠየቅ ነገሩን። ቀጥለውም ባለቤቱ ራሱ ካላጠፋ፣ እንስሳውን ለተበዳዩ ለቆ ከዕዳው ነፃ ሊወጣ እንደሚችል ገለጹ።

የሹፌሩ ፊት በራ። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሰጥ ተቀባዩ መጀመሪያ «ኧረ ተው፣ አይገባም» ይላል። በዚህ ተማምኖ የሚሰጥም አለ። እኔ ደግሞ ይሉኝታ የማበዛ ሴት መሆኔን የማያውቅ የለም።

«በቃ እትዬ፣ ውሻዬን ይውሰዱ! እኔ የሰው ዕዳ አልወድም» ብሎ ገመዱን ዘረጋልኝ።

ተቀበልኩት።

«እ... ማለቴ...» አለ።

ሚስቱ ሳቋ አመለጣት። «እሰይ! ከእንግዲህ ሥጋ የሚገዛው ለእኔ ነው።»

«እትዬ፣ ውሻ ምን ያደርግልዎታል?»

«ጆንያዬ አጠገብ አስረዋለሁ። አይጥ ባይዝ እንኳ ይጮኽበታል።»

«ያለ እኔ እጅ እኮ አይበላም!»

«ሲርበው ይበላል» አሉ ዳኛው።

ውሻው እግሬን አሸተተና አገጩን ጫማዬ ላይ አሳርፎ ተኛ። ይህን ሲያይ የሹፌሩ ድምፅ ወረደ።

«ልጄ ቤት ድመቷ ወልዳለች» አለ። «ግልገሎቹ አድገዋል።»

«አሁን ትዝ አለህ?» አለች ሚስቱ። ወደ እኛም ዞረች። «ከልጁ ጋር ተኳርፎ ነው። እኔ ቀድሜ ደጇን አልረግጥም ብሎ ነው ድመት የጠፋው!»

«አንቺ ሴት፣ ዝም አትይም?»

«እናታቸው አይጥ ትይዛለች?» አልኩት።

«ጎረቤቱን ሁሉ አጽድታለች።»

«እንግዲያው ግልገሏን ስታመጣ ውሻህን ትወስዳለህ።»

«ነገ...»

«እንደፈለግህ። ውሻው እኔ ጋ ነው።»

ሹፌሩ ውሻውን አየ፤ ሚስቱን አየ። ከዚያ ኮፍያውን አስተካክሎ፣ «ወደ ልጄ ሰፈር የሚሄደው ታክሲ ከየት ነው የሚነሳው?» ብሎ ባለሱቁን ጠየቀ።

ዳኛውን እጅ ነስቼ፣ ውሻውን እየጎተትኩ ከግቢው ወጣሁ።